የኮሌጅ አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፦ ዋንጫውን ለመገመት አምስተኛውን ሯጭ ፈልግ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ ህዳር ላይ የኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲደርስ የግምት ጨዋታ አለን። እያንዳንዱ ሰው በወንድም በሴትም ከአንድ እስከ አስር የሚወጡትን ሯጮች፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚወጡትን ቡድኖች ጽፎ ያስገባል። እኩል ለወጡ ሰዎች መለያ ደግሞ የአሸናፊውን ቡድን ነጥብ እንገምታለን። ገንዘብ የለበትም፣ የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ሩጫ አውቃለሁ ብለው ያስባሉ። እኔ ግን በ5000 ሜትር ፈጣን ሰዓት ያላቸውን እየመረጥኩ ሁሌ ምሳ ጋባዥ ነኝ። እናንተ ባለሙያዎቹ ተጠባቂዎቹን የምትለዩት በምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ምሳ እያስከፈለህ ያለው ያ የሰዓት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ግን አንተ የምትጫወተው ሁለት ጨዋታ መሆኑን እንለይ። ማን አንደኛ ይገባል የሚለው አንድ ነው፤ የትኛው ቡድን ዋንጫ ያነሳል የሚለው ሌላ። ቀነኒሳ በቀለ በ2002 እና በ2003 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ጠቅልሎ ሲያሸንፍ እኛ ቤት ፌሽታ ነበር። በረጅሙ ርቀት የቡድኑን ወርቅ ይዛ የሄደችው ግን ሁለቱንም ጊዜ ኬንያ ናት። ከ1986 ጀምሮ ለ18 ተከታታይ ዓመታት ማንም ያልነጠቃትን የወንዶች የቡድን ወርቅ ኢትዮጵያ የወሰደችው በ2004 ብራስልስ ላይ ነው። ምርጡ ሯጭ ያለው አገርና ምርጡ ቡድን ያለው አገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ደግሞ ይሄ ልዩነት ይብሳል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ሰባት ሯጭ ያሰልፋል። ቀድመው የገቡት አምስቱ የወጡበት ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ከአንድ እስከ አምስት ጠቅልሎ የገባ ቡድን 15 ነጥብ ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ በታች የለም። ስድስተኛውና ሰባተኛው አይደመሩም። ሆኖም ከሌላ ቡድን አምስተኛ ሯጭ ቀድመው ከገቡ የዚያን ቡድን ነጥብ ወደ ላይ ይገፋሉ። በዲቪዥን አንድ (በከፍተኛው የኮሌጆች ምድብ) ሻምፒዮና 31 ቡድኖችና በግል ያለፉ 38 ሯጮች፣ በአጠቃላይ 255 ሰው ይሰለፋል። የቡድን ነጥብ ሲሰላ በግል የመጡት ከመሃል ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ በውድድሩ 60ኛ ቢገባ ለቡድኑ የሚቆጠርለት ቁጥር ከ60 ያነሰ ነው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። አንዱ ቡድን 2ኛ፣ 5ኛ፣ 9ኛ፣ 14ኛ እና 90ኛ አስገባ እንበል። ድምሩ 120 ነው። ሌላው ቡድን 15ኛ፣ 18ኛ፣ 22ኛ፣ 25ኛ እና 30ኛ አስገባ። ድምሩ 110። ሁለተኛው ቡድን ከፊት አስር ውስጥ አንድም ሰው ሳይኖረው ዋንጫውን ወሰደ። የመጀመሪያው ቡድን አራት ኮከብ ነበረው፣ ያጣው አምስተኛ ሰው ነው።

ይህ የሚሆነው ሯጮቹ መንገዱ ላይ የሚደረደሩበት ሁኔታ እኩል ስላልሆነ ነው። ከፊት በአንደኛውና በአምስተኛው መካከል አስርና አስራ አምስት ሰከንድ ሊኖር ይችላል። ያ ሁሉ ልዩነት ለቡድን የሚያወጣው አራት ነጥብ ብቻ ነው። መሃል ላይ ግን፣ ከ50ኛ እስከ 120ኛ ባለው አካባቢ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሯጭ መግባቱ የተለመደ ነው። አስር ሰከንድ የዘገየ አምስተኛ ሯጭ ቡድኑን ሃያ ነጥብ ያስከፍላል። ኮከቡ ተሻሽሎ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ቢወጣ ሦስት ነጥብ ያተርፋል፤ አምስተኛው ልጅ ጉንፋን ቢይዘው ሃያ ሠላሳ ይጠፋል። እኔ የቡድን ግምት ስሠራ ግማሹ ጊዜዬ የሚያልቀው ማንም ስሙን በማያውቀው አምስተኛ ልጅ ላይ ነው።

ነገሩ በነጠላ ነጥብ እንደሚያልቅ ታሪኩ ራሱ ይነግርሃል። በ2016 በሴቶች ኦሪገን 125፣ ሚሺጋን 126 ሆነው ኦሪገን ወሰደች። በ2023 ቻርሎትስቪል ላይ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 123፣ ኖርዘርን አሪዞና 124። አሁንም አንድ ነጥብ። በ2022 ደግሞ ጭራሽ በወንዶች ኖርዘርን አሪዞናና ኦክላሆማ ስቴት እኩል 83 ነጥብ አመጡ። እኩል ሲሆኑ የአንዱ ቡድን አንደኛ ከሌላው አንደኛ ጋር፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር እያለ እስከ አምስተኛው ይነጻጸራል። ከአምስቱ አብዛኛውን ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል። በዚህ ስሌት ኖርዘርን አሪዞና አሸነፈ፤ ውድድሩ የተካሄደው እኮ ስቲልዋተር፣ በኦክላሆማ ስቴት በራሱ ሜዳ ላይ ነበር። ከሁለቱ አምስት አምስት ሯጮች አንዱ ብቻ ሌላውን በአንድ እርምጃ ቢቀድም ኖሮ መለያ ስሌት ውስጥ አይገቡም ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ውድድር በ5000 ሜትር ሰዓት ልትገምተው አትችልም።

ታዲያ አምስተኛውን ሰው የት ታገኘዋለህ? ትልልቅ የጥቅምት ውድድሮች ውጤት ላይ። ማዲሰን፣ ዊስከንሰን ላይ የሚካሄደው ነቲኮም አንዱ ነው። የሻምፒዮናው ሜዳ ላይ ቀደም ብሎ የሚደረገው ቅድመ ብሔራዊ ውድድር ሌላው ነው። ውጤቱን ስትከፍት የቡድን ደረጃውን ለጊዜው ተወው። የእያንዳንዱ ቡድን አምስተኛ ሯጭ ስንተኛ እንደገባ፣ ከቡድኑ አንደኛም በስንት ሰከንድ እንደራቀ ጻፍ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ነው የምታያቸው። ሰባት ቀርፋፋ ልጆችም እጅብ ብለው ሊገቡ ይችላሉ፣ መቀራረቡ ለብቻው ምንም አይደለም። የምትፈልገው ከፊት ሆኖ የሚቀራረብ ቡድን ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ትንሽ ውድድር ኮከብ ላለው ቡድን ያዳላል። ስምንት ቡድን ባለበት የኮንፈረንስ (ኮሌጆች ተሰባስበው የሚወዳደሩበት ማኅበር) ሻምፒዮና አራት ጎበዝ ልጆችና አንድ ደካማ ያለው ቡድን ሊያሸንፍ ይችላል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል የሚገባ ሰው ጥቂት ነዋ። ያው ልጅ በኮንፈረንሱ 25ኛ ይወጣል። በያው አቅም ብሔራዊው ላይ ሲሮጥ ግን በመሃል ሌላ ሰማንያ ሰው ይገባበታል። ጋዜጦች «የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ብሔራዊው ላይ ተንኮታኮተ» ብለው ይጽፋሉ። የተንኮታኮተ የለም፤ ልጁ እንደ ወትሮው ነው የሮጠው፣ የተለወጠው የሰው ብዛት ነው። የኮንፈረንስ ውጤት ስታይ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ ይሄ አምስተኛ ልጅ 255 ሰው ውስጥ ቢገባ የት ይደርሳል?

ሌላው የሚያሳስተው የክልል ማጣሪያው ነው። ከብሔራዊው ስምንት ቀን በፊት ዓርብ ዕለት በዘጠኝ ክልሎች ይካሄዳል። ከየክልሉ ሁለት ሁለት ቡድኖች በቀጥታ ያልፋሉ። የቀሩት 13 ቦታዎች በወቅቱ ማን ማንን አሸነፈ በሚል የነጥብ ስሌት ይሞላሉ። ጠንካራ ቡድን ሁለተኛ መውጣት ይበቃዋል። በስምንት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር በሙሉ ኃይል መሮጥ ደግሞ እግር ይጨርሳል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቡድኖች ተያይዘው፣ አንዳንዴም እያወሩ ይገባሉ፤ ከሰባቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳርፍ አሰልጣኝም አለ። ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረቦችህ ክልሉ ላይ ሁለተኛ የወጣውን ቡድን ከዝርዝራቸው ሲሰርዙ አንተ ዝም በል። ይልቅ ማለፉን ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ታግሎ በጭንቅ ያለፈውን ቡድን ተጠራጠር።

የመስከረም መጀመሪያ ውድድሮችንም ብዙ አትመናቸው። ዋናዎቹ ልጆች ብዙ ጊዜ አይሮጡም፣ ወይም እንደ ልምምድ ነው የሚሮጡት። ወንዶቹ በወቅቱ መጀመሪያ የሚሮጡት በአብዛኛው 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ክልሉና ብሔራዊው ላይ ነው። ሴቶቹ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ያቺ ተጨማሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀላል እንዳትመስልህ። በ8 ኪሎ ሜትር አስደናቂ የሆነ የአንደኛ ዓመት ልጅ ብሔራዊው ላይ ስምንተኛውን ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ፊቱ ሲለዋወጥ ብዙ ጊዜ ታያለህ። ቡድኑ አምስተኛ ሰው አድርጎ የሚተማመነው እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ከሆነ ግምትህን ቀነስ አድርግ።

ቡድኖቹን ከደረደርክ በኋላ አንድ ፈተና ስጣቸው። ከእያንዳንዱ ቡድን ሁለተኛውን ሯጭ አውጣውና ስድስተኛውን አስገባበት። ከዚያ ደግመህ ደምር። ህዳር ላይ ጉንፋን አለ፣ የእግር አጥንት ስንጥቅ አለ፣ መነሻው ላይ ተገፍቶ መውደቅ አለ። በዚህ ፈተና ነጥቡ በትንሹ ብቻ የሚጨምር ቡድን እውነተኛ ተጠባቂ ነው። ነጥቡ በእጥፍ የሚዘል ቡድን ደግሞ ሁሉም ነገር ከሰመረለት የሚያሸንፍ፣ ካልሆነለት ስድስተኛ የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ አስቀምጠው።

ወደ ግለሰቦቹ እንምጣ። አንተን የሚያጠግብህ ይሄኛው ነው መሰለኝ።

ከአምናው ውጤት ጀምር። የአምናውን የመጀመሪያ አርባ ሰው አውጣና የተመረቀውን፣ ወደ ፕሮፌሽናል የሄደውን፣ ትምህርት ቤት የቀየረውን ለይ። ይሄን ብቻ ብታደርግ ከሥራ ባልደረቦችህ ግማሹን ትበልጣለህ። በተለይ ሁለተኛ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ላይ ዓይንህን ጣል። ጀስቲን ናይት በ2016 ሁለተኛ፣ በ2017 አንደኛ። ኤርትራ የተወለደችው ወይኒ ቀላቲ ለኒው ሜክሲኮ ስትሮጥ በ2018 ሁለተኛ፣ በ2019 አንደኛ። የፍሎሪዳዋ ፓርከር ቫልቢ በ2022 ሁለተኛ፣ በ2023 አንደኛ። ያን ዓመት ከቫልቢ ቀጥላ የገባችው የአላባማዋ ኬንያዊት ዶሪስ ለምንጎሌ በ2024 አሸነፈች፣ በ2025ም ደገመችው። ኤርትራዊው ሃብቶም ሳሙኤል በ2023 በሦስት ሰከንድ ገደማ፣ በ2024 ደግሞ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት በሃርቫርዱ ግራሃም ብላንክስ ተቀደመ። ብላንክስ ከዚያ በኋላ ወደ ፕሮፌሽናል ሲሄድ በ2025 ሳሙኤል አሸነፈ። ሁሌ አይሠራም፤ የኖርዘርን አሪዞናው ኒኮ ያንግ በ2022 ሁለተኛ ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት አላሸነፈም። ግን አንድ ነጠላ ምልክት ብቻ ምረጥ ብትለኝ ይሄን ነው የምመርጥልህ። አምና ሁለተኛ የወጣ ሰው 255 ሰው ውስጥ፣ በኅዳር ብርድ፣ በሣር ላይ፣ እስከ መጨረሻው መቶ ሜትር ድረስ ከአሸናፊው ጋር መቆየት እንደሚችል አሳይቷል። የትኛውም የመም ሰዓት ይሄን አያሳይም።

ስለ ሰዓቱ ካነሳን ብላንክስን ጠለቅ ብለህ ተመልከት። በ2022 በአገር አቋራጩ ስድስተኛ ነበር። በህዳር 2023 አሸነፈ። 5000 ሜትርን በ13:03.78 የሮጠው ከዚያ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ቦስተን ነው። በሰዓት ዝርዝር የሚገምት ሰው ብላንክስን አንደኛ አድርጎ የሚያገኘው ውድድሩ ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የቤት ውስጥ መም ፈጣን ሰዓት በማምረት የታወቀ ነው። አሯሯጭ አለ፣ ንፋስ የለም፣ ሁሉም የሚሄደው ሰዓት ለመሥራት ነው። እዚያ የተገኘ ሰዓት እውነት ነው፣ ግን ልጁ ዳገት ላይ ተገፍትሮ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ሲቀያየር ምን እንደሚሆን አይነግርህም። የሰዓት ዝርዝር ካየህ አይቀር የ10,000 ሜትርና የ3000 ሜትር መሰናክል ሯጮችን ፈልግ። ለምንጎሌ የመሰናክል ሯጭ ናት። መሰናክል የሚሮጥ ሰው እግሩ በየሰባ ሰማንያ ሜትሩ ሪትም መቀየር የለመደ ነው፣ አገር አቋራጭም የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ከፍታውን አስብበት። ኖርዘርን አሪዞና ያለበት ፍላግስታፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ነው። ኒው ሜክሲኮ ያለበት አልበከርኪ 1600 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ ለሮጠ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፦ እዚያ የተሮጠ ሰዓት ከወረቀቱ ይሻላል። የእነዚህ ቡድኖች ልጆች በራሳቸው ሜዳ ላይ ያስመዘገቡትን ሰዓት ከባሕር ዳርቻ ቡድን ጋር እንዳለ አታወዳድር። ከታች ወርደው ሲሮጡ ማንን አሸነፉ የሚለውን ተመልከት።

ለመገመት የሚያስቸግሩት ታሪክ የሌላቸው ናቸው። ሦስት ዓይነት አሉ። አንደኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ወይም ከአውሮፓ በቀጥታ የመጣ አዲስ ተማሪ ነው። ለምንጎሌ በ2023 ሁለተኛ ስትወጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሁለተኛው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። እዚያ ብዙ ወንዶች ለሃይማኖታቸው አገልግሎት ሁለት ዓመት ውጭ ቆይተው ይመለሳሉ። የ2020 ወቅትንና የ2021ን ውድድር ያሸነፈው ኮነር ማንዝም ጋና አገልግሎ የተመለሰ ነው። ሰው የረሳው ስም በድንገት ብቅ ይላል። ሦስተኛው በጉዳት የጠፋ ነው። ቫልቢ በተደጋጋሚ ትጎዳ ስለነበር በሳምንት የምትሮጥባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ቀሪውን በጂም ማሽን ነበር የምትሞላው። መስከረም ላይ አላየናትም ብሎ የሰረዛት ሰው ተጎዳ። ለሦስቱም አንድ መለኪያ ተጠቀም፦ ጥቅምት ላይ ትልቅ ውድድር ሮጦ ከፊት ከነበረ ይገባል። ጥቅምትንም ካልሮጠ ስሙ ምንም ያህል ቢገዝፍ ከአምስተኛ በላይ አታስቀምጠው።

እርግጠኛ የሚመስለውስ? የኦሪገኑ ኤድዋርድ ቸሰረክ በ2013፣ በ2014 እና በ2015 አሸንፎ በወንዶች ሦስት ዓመት በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆነ። በ2016 ቴሬ ሆት ላይ አራተኛውን የማይጠብቅ ሰው አልነበረም። የቪላኖቫው አውስትራሊያዊ ፓትሪክ ቲየርናን ግን የመጨረሻውን ፍጥነት አልጠበቀም። ከቸሰረክ ጋር የመጨረሻ ሁለት መቶ ሜትር ላይ መገኘት ሽንፈት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ቲየርናን ገና ርቀት እያለ አፈትልኮ ሄደ፣ ቸሰረክ ተቆረጠ። ናይት ሁለተኛ፣ ቸሰረክ ሦስተኛ። በ2022 የሴቶቹ ደግሞ ተቃራኒውን ሆነ። ቫልቢ ርቃ ሄደች፣ የኖርዝ ካሮላይና ስቴቷ ኬትሊን ቱሂ በመጨረሻዋ ሰዓት ደርሳባት አለፈቻት። በዓመቱ ቫልቢ እንደገና ርቃ ሄደች፤ ያን ጊዜ የሚደርስባት ጠፋ፣ ቱሂ አምስተኛ ወጣች። ስለዚህ ሯጩን ከመምረጥህ በፊት እንዴት እንደሚያሸንፍ ጠይቅ። በአጨራረስ ብቻ የሚያሸንፍ ተጠባቂ ካለ፣ ከተቀናቃኞቹ ውስጥ ቀድሞ ለመሄድ ድፍረቱም ጉልበቱም ያለው አለ ወይ? ካለ ተጠባቂህን አንድ ደረጃ አውርደው። ከሌለ ውድድሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ አጨራረስ ያለው ይወስዳል።

ስለ ሜዳው አጠር ላድርግልህ። ስቲልዋተርና ማዲሰን ዳገት አላቸው። ቴሬ ሆት ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የነበረ መሬት ላይ የተሠራ ሰፊ ሜዳ ነው። ዳገት ጡንቻማ ያልሆኑ ቀላል ልጆችን ይጠቅማል ይባላል፣ እኔ ግን በዚህ ብቻ ደረጃ ቀይሬ አላውቅም። የአየር ሁኔታው ይበልጣል። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ከረጠበ መሃል ያሉት ልጆች በጣም ይራራቃሉ፣ ያኔ ጠንካራ አምስተኛ ያለው ቡድን የበለጠ ይጠቀማል። ብርቱ ንፋስ ካለ ደግሞ ከፊት ለብቻው መሄድ የሚወደው ሰው ይቸገራል። የሐሙሱን የአየር ትንበያ ሳታይ ወረቀትህን አታስገባ።

የአሰልጣኞች ማኅበር በየጊዜው የሚያወጣውን ደረጃ እንደ መነሻ ውሰደው። አሰልጣኞቹ ሞኝ አይደሉም። ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ያልተሸነፈን ቡድን ማውረድ ይከብዳቸዋል፣ ያልተሸነፈው ከማን ጋር ሮጦ ነው የሚለውን እያለፉ። ደረጃው ላይ አራተኛ ወይም አምስተኛ ከሆኑት ውስጥ በጥቅምት ውድድር አምስተኛ ልጃቸው ከአንደኛው ቡድን አምስተኛ ቀድሞ የገባ ካለ፣ እሱን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ አስቀምጥ። ከባልደረቦችህ የምትለይበት ቦታ ይሄ ነው። አንደኛውን ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፈዋል።

በግል ዝርዝርህ ላይ የአንድ ቡድን ልጆችን አታብዛ። ቡድናቸውን ዋንጫ ሊያስበሉ የመጡ ልጆች አንዳንዴ ከፊት ካለው ፍጥነት ሆን ብለው ይቀራሉ፤ አሰልጣኛቸው 12ኛን በእርግጠኝነት ይፈልጋል እንጂ 4ኛ ወይም 70ኛ የሚል ቁማር አይፈልግም። ለራሱ የሚሮጥ፣ ቡድኑ ያላለፈ ሯጭ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ከሰባተኛ እስከ አስረኛ ያሉትን ቦታዎች ስትሞላ ከ38ቱ የግል ሯጮች አንድ ሁለት ጣል አድርግ።

የነጥቡ መለያ ላይ የሴቶቹን ከ115 እስከ 130 ባለው መሃል ጻፍ። በ2022 ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በ114፣ በ2023 በ123፣ በ2024 ደግሞ ብሪገም ያንግ በ147 ነው ያሸነፉት። የወንዶቹ ይዋዥቃል። በ2023 ኦክላሆማ ስቴት በ49 አሸነፈ፣ ኖርዘርን አሪዞና በ71 ሁለተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ብሪገም ያንግ ለማሸነፍ 124 በቃው። ልዩነቱን ያመጣው ሁለት ግዙፍ ቡድን መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለት ቡድኖች ከሌላው በጣም ርቀው ከታዩህ ከ50 እስከ 80 ጻፍ፤ አምስት ስድስት ቡድኖች ተቀራርበው ከታዩህ ከ110 በላይ ውጣ። ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ የሚሮጡት ሰባት ሰባት ልጆች ስም ዝርዝር ውስጥ ያ የደከምክበት አምስተኛ ልጅ መኖሩን አረጋግጥ። ስሙ ከሌለ ቡድኑን ሁለት ደረጃ አውርደው።